«ምራቅ ምን ያውቃል?» ኤችአይቪን ቤት ውስጥ ራስን በራስ ስለመመርመር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት ባለትዳር ባለቤቷ ተመርምሮ እንደማያውቅ ጠቅሳ፣ ከጤና ጣቢያ ያገኘችውን የኤችአይቪ ራስን በራስ መመርመሪያ ኪት ልትሰጠው አስባ እንደነበር ጽፋለች። እሱ «ምራቅ ምን ያውቃል?» ብሎ ናቀው። እናቷ ደግሞ «ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ራሱን ቢጎዳስ?» ብለው ተቆጧት። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ሰው ይህን ምርመራ ለምን እንዲህ ይጠራጠረዋል? እሷስ ትመነው ወይስ ትተወው?

ይመኑት። ነገር ግን አንድ ነገር ከመነሻው ይያዙ፤ ኪቱ ሰው በሚፈራው በኩል ይህን ያህል ችግር የለበትም። የሚያሳስተው ብዙ ሰው በማይጠረጥረው በኩል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለዚያ ነው።

ከባለቤትዎ ልጀምር። ኪቱ ምራቅን አይመረምርም፤ ቫይረሱንም አይፈልግም። የሚሰበስበው ድድ የሚያመነጨውን ፈሳሽ ነው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ከደም ሾልከው የሚመጡ አንቲቦዲዎች አሉ፤ እነዚህ ቫይረሱ ሲገባ ሰውነት ለመከላከል የሚያመርታቸው ናቸው። በመመርመሪያው ዘንግ ውስጥ ባለው ስስ ወረቀት ላይ፣ ቲ በሚባለው ቦታ፣ የቫይረሱን አካል የሚመስል በላብራቶሪ የተሠራ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ተቀብቷል። ፈሳሹ ወደ ላይ ሲሳብ የኤችአይቪ አንቲቦዲ ካለበት እዚያ ይያዝና ቀይ መስመር ይወጣል። ሲ የሚባለው መስመር ደግሞ ማንኛውንም የሰው አንቲቦዲ የሚይዝ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ድዱን ሳይጠርግ ዘንጉን ዝም ብሎ ከኪቱ ጋር በሚመጣው ባለፈሳሽ ብልቃጥ ውስጥ ቢነክረው ሲ አይወጣም፤ ምርመራው አልተሠራም ማለት ነው። ይህን የምጽፈው በብዛት በሚታወቀው ኦራኩዊክ በተባለው የድድ ፈሳሽ መመርመሪያ ላይ ተመሥርቼ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ሌላ ፍርሃት አለ፦ «በአፍ ከታየ በአፍ ይተላለፋል ማለት ነዋ!» አይደለም። አንቲቦዲ ቫይረስ አይደለም፤ ቫይረሱ ወደ ሰውነት መግባቱን የሚናገር አሻራ ነው። ኤችአይቪ በምራቅ፣ በመሳሳም፣ በአንድ ማዕድ በመብላት ወይም በጉርሻ አይተላለፍም። ይህን የተሳሳተ ድምዳሜ በጊዜ ማረም ያስፈልጋል፤ ካልታረመ ምርመራውን ለማስፋፋት የመጣው ኪት መገለልን መልሶ ያመጣል።

ስለ ትክክለኛነቱ በቁጥር እንነጋገር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይኸው ኪት በባለሙያ እጅ ሲሠራ ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ይለያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 በፋርማሲ እንዲሸጥ ስትፈቅድ መሠረት ባደረገችው ጥናት ግን፣ ተራ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ሲሠሩት የተገኘው ወደ 92 በመቶ ነበር። ይህም ቫይረሱ ካለባቸው 12 ሰዎች አንዱ በስህተት ነጌቲቭ ሊያይ ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ከቫይረሱ ነፃ የሆነን ሰው በስህተት ፖዘቲቭ የማለት ዕድሉ በዚያው ጥናት ከ5,000 አንድ ነበር። ኪቱ ያው ኪት ሆኖ ሳለ በባለሙያና በተጠቃሚ መካከል ያለው ልዩነት መታየት አለበት። አጠቃቀሙና ማን መቼ ይጠቀምበት የሚለው ለውጤቱ ወሳኝ ነው።

እናትዎ የሚሉትን ግን እንደ ተራ ስጋት አያጣጥሉት። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። በመካከሉ ባሉት ወደ ሃያ የሚጠጉ ዓመታት «አለብህ» መባል ከሞት ፍርድ አይለይም ነበር። ከምርመራ በፊት ምክር፣ ከምርመራ በኋላ ምክር፣ ውጤት ከባለሙያ አንደበት ብቻ የሚለው ሥርዓት የተቀረጸው በዚያ ዘመን ነው፤ ለዘመኑም ትክክል ነበር። የእናትዎ ትውልድ ሬሳ ሲሸኝ የኖረ ትውልድ ነው። አሜሪካኖችም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዚሁ ስጋት ሲከራከሩ ቆይተው ነው በ2012 የፈቀዱት። የዓለም ጤና ድርጅት ራስን በራስ መመርመርን የመከረው ከዚያም በኋላ፣ በ2016 መጨረሻ ነው።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ሕክምናው በቀን አንድ ኪኒን ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ይወርዳል፤ እዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ማላዊ ውስጥ ብላንታየር ከተማ ኪቱ ሰፈር ለሰፈር ታድሎ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ በ2015 በወጣው ውጤት፣ ከምርመራው ጋር የተያያዘ ራስን ማጥፋት አልተመዘገበም። የተመዘገበው ሌላ ነገር ነው፦ ከመቶ ሦስት የሚሆኑ ሰዎች «ተገደን ነው የተመረመርነው» ብለዋል፤ ባብዛኛው ያስገደዷቸውም የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኞቻቸው ናቸው። ጉዳት ካለ ያለው እዚያ ነው። ሆኖም ከዚህ በፊት ራሱን ለመጉዳት የሞከረ፣ በከባድ ጭንቀት ላይ ያለ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ ዱላ ያለበት ሰው ይህን ምርመራ ብቻውን ባይሠራ ይሻላል፤ ለእርሱ የአማካሪ ክፍል ይቅደም።

ታዲያ ሰው እየፈራውም ለምን ይፈልገዋል? መልሱ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ነው። ካርድ ክፍል ስም ይጠራል፤ የጎረቤት ልጅ ተላላኪ ሆና ትሠራለች፤ የትኛው በር የምን በር እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሴቶች ባብዛኛው በእርግዝና ክትትል ጊዜ ይመረመራሉ። ወንዱ ግን ካልታመመ በስተቀር ጤና ተቋም የሚያደርሰው ነገር የለም፤ «የእሷ ነጌቲቭ ከሆነ የእኔም ነው» ብሎ ይቀመጣል። ይህ ስሌት ስህተት ነው፤ አንዱ ኖሮበት ሌላው ነፃ የሆነ ጥንዶች በርካታ ናቸው። በከተሞቻችን እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 የተካሄደው ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ካለባቸው አዋቂዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል እንዳለባቸው እንደማያውቁ አሳይቷል። ኬንያ ኪሱሙ ውስጥ ለነፍሰ ጡሮችና ለወለዱ እናቶች ሁለት ኪት ይዘው እንዲሄዱ ሲደረግ፣ ባሎቻቸው የመመርመራቸው ነገር ከ90 በመቶ አለፈ፤ የጥሪ ወረቀት ብቻ በተሰጣቸው ግን 52 በመቶ ገደማ ቀረ። እርስዎ ያሰቡት መንገድ ተሞክሮ የሠራ መንገድ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ ኪት ራሱን መመርመር የለበትም። መድኃኒቱ ቫይረሱን ለረጅም ጊዜ ሲያፍን ሰውነት አንቲቦዲ ማምረቱን ይቀንሳል፤ በድድ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ መጠኑ ከደም ያነሰ ስለሆነ መስመሩ ጨርሶ ላይወጣ ይችላል። ይህ መዳን አይደለም። ቫይረሱ በሕዋሶች ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል። ጸበል ተጠምቆ፣ ጸሎት ተደርጎለት ወይም የባህል መድኃኒት ጠጥቶ «እስቲ ልየው» ብሎ ኪት የሚገዛ ሰው ነጌቲቭ ቢያይ ኪኒኑን የመጣል አደጋ አለ። እምነቱን የሚነካ ነገር አልናገርም፤ ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2007 በእንጦጦ ማርያም ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን ተናግረዋል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ጤናው የሚለካው በቫይረስ መጠን ምርመራ ነው፤ ያም በኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክፍል በኩል በሚላክ ደም ይሠራል። በዙሪያዎ እንዲህ ሊያደርግ የሚያስብ ሰው ካለ ይህን አንድ አንቀጽ ብቻ ያንብቡለት።

ሁለተኛው የሚያሳስት ነገር ጊዜ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ አንቲቦዲው በሚታይ መጠን እስኪፈጠር ሳምንታት ያልፋሉ፤ ባለሙያዎች የመስኮት ጊዜ እንለዋለን። በዚህ ኪት እርግጠኛ የሚሆኑት ለመጨረሻ ጊዜ ከተጋለጡበት ቀን 3 ወር ሲያልፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ተጋልጦ ዛሬ ራሱን የሚመረምር ሰው የሚያየው ያለፈውን ታሪኩን ነው። ይባስ ብሎ፣ በዚያን ጊዜ ሊያደርግ የሚገባውን ያሳልፋል፦ ከተጋለጡ 72 ሰዓት ካልሞላ ኪቱን ትተው በቀጥታ ጤና ተቋም ይሂዱ። ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኪቱ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ቦታ ይቀመጣል፤ ሲሠሩት ደግሞ ክፍሉ ከ15 እስከ 37 ዲግሪ መሆን አለበት። ቀላል ይመስላል እንጂ ለእኛ ሀገር ሁለቱም ጫፍ ያስቸግራል። ሁመራ፣ ጋምቤላ ወይም አሳይታ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀትር ላይ ከ30 በላይ ነው፤ መኪና ውስጥ የተረሳ ኪትም ያው ነው። ደብረ ብርሃን በማለዳ ደግሞ ክፍሉ ከ15 በታች ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ረፋድ ላይ ይሥሩት። የመጠቀሚያ ጊዜውን ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ማሸጊያው ቀድሞ የተቀደደ ከሆነ አይጠቀሙበት።

ከመጀመርዎ በፊት ለ15 ደቂቃ ምንም አይብሉ፣ አይጠጡ፣ ማስቲካም አያኝኩ፤ ጥርስዎን በሳሙና ከቦረሹ ወይም አፍ ማጽጃ ከተጠቀሙ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ጫት የቃመ ሰው ጉንጩን አጽድቶ ያንኑ 30 ደቂቃ ቢቆይ እመክራለሁ፤ ቅጠሉ ጫፉ ላይ ሲለጠፍ ፈሳሹ በትክክል አይሳብም።

ማሸጊያው ሁለት ኪስ አለው። ብልቃጡን መጀመሪያ ያውጡ፣ ክዳኑን ይክፈቱና ማቆሚያው ላይ ያስቀምጡት። ፈሳሹን አያፍስሱ፣ አይጠጡት። ቀጥሎ ዘንጉን ያውጡ። አብሮት ያለው ትንሽ ከረጢት እርጥበት መጣጭ ነው፤ ይጣላል። የዘንጉን ጠፍጣፋ ጫፍ በጣትዎ አይንኩ። ከላይኛው ከንፈር ሥር አስገብተው በውጭኛው የላይ ድድ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ይጥረጉ፤ በታችኛው ድድም እንዲሁ አንድ ጊዜ። ምላስ፣ ጉንጭ ወይም ላንቃ አይደለም፤ ድድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ወይ ምላሱን ይጠርጋል፣ ወይ እንደ ጥርስ ብሩሽ ደጋግሞ ይፈትገዋል። ከዚያ ጫፉን ብልቃጡ ውስጥ እስከ መጨረሻ ይንከሩና የስልክዎን ማንቂያ ለ20 ደቂቃ ይሙሉ። መስኮቱ መጀመሪያ ወደ ሮዝ ይቀላል፤ ይህ ውጤት አይደለም፤ ቆይቶ ይጠራል። በዚህ ጊዜ ዘንጉን ማውጣት፣ ማወዛወዝ፣ በየደቂቃው አንስቶ ማየት ያበላሸዋል።

ንባቡ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ከ20 በፊት መስመሩ ገና ላይወጣ ይችላል፤ ከ40 በኋላ ደግሞ ሲደርቅ ያልነበረ መስመር ሊታይ ይችላል። «ማታ ነጌቲቭ ነበር፣ ጠዋት ሳየው መስመር ወጥቶበት አገኘሁት» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ጠዋት የታየው አይቆጠርም። በቀን ብርሃን ያንብቡት፤ በሻማ ወይም በደበዘዘ አምፖል ቀጭን መስመር ያመልጣል።

ሲ ብቻ ከወጣ ነጌቲቭ ነው። ሲም ቲም ከወጡ፣ ቲው የቱንም ያህል የደበዘዘ ቢሆን፣ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ውጤት ነው። «እሱማ ጥላ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሲ ከሌለ፣ ቲ ቢኖርም እንኳ፣ ምርመራው አልሠራም፤ በሌላ ኪት ይደገማል።

ሁለት መስመር ታየ ማለት ግን «አለብኝ» ማለት አይደለም። ስሌቱን ይመልከቱ። ከ1,000 ሰው 9ኙ ቫይረሱ ቢኖርባቸውና ኪቱ ከነፃዎቹ አንዱን ብቻ በስህተት ቢመዘግብ፣ ሁለት መስመር ካዩት 10 ሰዎች አንዱ በእርግጥ የለበትም። ለዚህ ነው ጤና ተቋም ውስጥ በተለያዩ ኪቶች ተከታታይ ምርመራ የሚደረገው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 ጀምሮ የሚመክረው ሦስት ተከታታይ ፖዘቲቭ ውጤት ሲገኝ ብቻ «አለብዎ» እንዲባል ነው። በዚያው ኪት ደጋግሞ ቤት ውስጥ መሞከር ይህን አይተካም፤ ገንዘብና እንቅልፍ ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ቤት ሠርቼ ሁለት መስመር አየሁ» ማለት ይበቃል፤ ዘንጉን ይዞ መሄድ አያስፈልግም። በጋራ ግቢ ለሚኖሩ ደግሞ፦ ማሸጊያውን ቆራርጠው፣ ሁሉንም በጥቁር ፌስታል አስረው ይጣሉት። ሰው ኪቱን ከሚፈራባቸው ምክንያቶች አንዱ ቆሻሻው ላይ የሚታየው ጽሑፍ ነው።

ውጭ ላሉ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት ለሥራ ለሚሄዱ፣ ለቪዛ የሚጠየቀው ምርመራ በተመደበ ክሊኒክ የሚሠራ ነው፤ የቤት ኪት አይተካውም። ግን ለኤጀንት ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በበርካታዎቹ ሀገራት ቫይረሱ የተገኘበት የውጭ ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃድ አያገኝም፣ ይባረራልም። እዚህ አውቆ እዚሁ ሕክምና መጀመር ይሻላል። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደም ስጡ ሲባሉ ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም፤ የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1996 ተጋልጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ትዝታ ላለው ማኅበረሰብ ውጤቱን መጀመሪያ ራሱ የሚያየው ምርመራ የተለየ ዋጋ አለው።

ይህ ኪት የሚያየው ኤችአይቪን ብቻ ነው። የጉበት ቫይረስ፣ ቂጥኝ ወይም ሌላ የአባላዘር በሽታ አይነግርዎትም። ለሄፓታይተስ ሲ የዓለም ጤና ድርጅት ራስን በራስ መመርመርን በ2022 መክሯል፤ በሀገራችን በብዛት የምንሰማው ሄፓታይተስ ቢ ግን ለየብቻው በጤና ተቋም ይታያል፤ ክትባትም አለው።

ወደ ባለቤትዎ ልመለስ። ኪቱን በጠብ መሀል፣ በጥርጣሬ ማግስት ወይም ሰው ባለበት አይስጡት። ከተቻለ ሁለት ያምጡና «አብረን እንሥራው፣ እኔ ቀድሜ እሠራለሁ» ይበሉት። እንቢ ካለ ይተዉት፤ ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጠው ሊሠራበት የሚፈልግበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ተኝቶ ሳለ ወይም ሳያውቅ ከድዱ ናሙና ለመውሰድ አያስቡ፤ ይህ ትዳርንም ምርመራውንም ያበላሻል። የቤት ሠራተኛ ከመቅጠር በፊት በዚህ ኪት «ትመርመርልን» የሚሉ ቤተሰቦችም እንዳሉ ስለሚታወቅ እግረ መንገዴን ልንገር፦ ይህ የአሠሪ ሥልጣን አይደለም። ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ተነጋግራችሁ ጨርሱ፤ ከሁለት አንዳችሁ ሁለት መስመር ካያችሁ በማግስቱ ጠዋት የትኛው ጤና ጣቢያ አብራችሁ እንደምትሄዱ። ሠፈር ውስጥ መታየት ከከበዳችሁ ሌላ ክፍለ ከተማ ያለውን ምረጡ፤ ሕክምናው በሚሰጥበት የመንግሥት ጤና ተቋም ሁሉ ያው ነው፣ በነፃም ነው። ሁለታችሁም አንድ መስመር ካያችሁና ባለፉት 3 ወራት የመጋለጥ ነገር ካለ፣ ያንን ቀን ቆጥራችሁ 3 ወር ሲሞላ ድገሙት፤ እስከዚያ ኮንዶም ተጠቀሙ።